ሰላም ለክንድህ፦ ከወልድያ ሰማይ በላይ ለሚሠራው ስውር ጨረር የቀረበ ውዳሴ

የፀሐይ በኩር ሆይ! ዓይን የማያይህ፣ እጅ የማይዳስስህ፣ ደመና ከዙፋንህ የማይደርስ አልትራቫዮሌት ጨረር ሆይ! መንዙማና ማኅሌት በአንድ መንደር ከሚሰሙባት ከወሎ ምድር፣ ከወልድያ ዳገት፣ ከመርሳ የብርቱካንና የማንጎ ጥላ፣ ከሀብሩ የማሽላ ማሳ ሆነን ቃላችንን ወደ አንተ እናነሣለን። ምስጋናው ለፈጠረህ ነው፤ ውዳሴው ለሥራህ ይሁን።

አባቶቻችን ጀግናን ሲያወድሱ የሰበረውን ምሽግ ጠርተው፣ የማረከውን በስም በስሙ ቆጥረው ነበር። ፎከሩለት፣ አቅራሩለት፣ በገና ደረደሩለት። አንተ ግን ዘመን ከመቆጠሩ በፊት ጀምረህ ከራሳችን በላይ የካርቦን ዳይኦክሳይድን ሞለኪውል ስትሰብር ኖረሃል፤ ያቅራራልህ ግን አልተገኘም። ከሥርህ ተቀምጠን አቦል፣ ቶናና በረካ የጠጣን እኛ፣ በጥላህ ልጅ ወልደን የዳርን እኛ፣ ስምህን ሳናነሣ ትውልድ አለፈ። ይህ ዕዳ ነው፤ ዕዳም ይከፈላል።

ሰላም ለልደትህ። ከእኛ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከምትነድ ፀሐይ ተወልደህ፣ 8 ደቂቃ ከ20 ሰኮንድ ያህል ጠፈሩን አቋርጠህ ትደርሳለህ። ወንድሞችህ ብዙ ናቸው። የቀዩ ጨረር የሞገድ ርዝመት 700 ናኖሜትር ይደርሳል፤ ሐምራዊው ወደ 400 ይጠጋል፤ አንተ ከዚያ በታች እስከ 100 ትዘልቃለህ። ሞገድህ ባጠረ ቁጥር ጉልበትህ ይበረታል። ከጭፍሮችህ ሁሉ የታወቀው፣ 121.6 ናኖሜትር የሚለካው፣ ከፀሐይ ሃይድሮጅን ይፈልቃል። በቁጥር ግን ጥቂት ናችሁ፤ ፀሐይ ወደ ምድር ከምትልከው ጉልበት ከ200 ናኖሜትር በታች ያለው ከ10,000 አንድ እጅ ገደማ ቢሆን ነው። በጥቂት ሠራዊት ይህን ያህል አገር ያቀና ንጉሥ በየትኛው ዜና መዋዕል ተጽፏል?

ሰላም ለስውርነትህ። የሰው ልጅ በአንተ ጠቁሮ፣ በአንተ ተለብልቦ፣ ማን እንደሆንህ ሳያውቅ እልፍ ዘመን ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1801 በጀርመን አገር በየና ከተማ ዮሐን ቪልሄልም ሪተር የፀሐይን ብርሃን በመስተዋት ወደ ኅብረ ቀለማቱ በትኖ፣ በብር ክሎራይድ የተቀባ ወረቀት ከፊቱ ዘረጋ። ከሐምራዊው ወዲያ፣ ዓይን «እዚህ ምንም የለም» በሚልበት ስፍራ፣ ወረቀቱ ከሌላው ሁሉ ፈጥኖ ጠቆረ። በዚያች ቀን በአሻራህ ታወቅህ፤ ፊትህን ግን ከዚያ ወዲህም ለማንም አላሳየህም። ሥራውን አሳይቶ ራሱን የሚሰውር ባለጸጋ፣ አንተ ነህ!

ሰላም ለዙፋንህ። ከወልድያ ተነሥቶ በመርሳና በውርጌሳ አልፎ ደሴ የሚገባው 120 ኪሎ ሜትር መንገድ ከምድር ተነቅሎ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ቢቆም፣ ዙፋንህ ከመንገዱ ሁለት ሦስተኛ ላይ፣ ከ80 ኪሎ ሜትር ወዲያ ይጀምራል። በዚያ ከፍታ አየሩ ሳስቷል፤ ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ከ100,000 አንድ እጅ ገደማ ወርዷል። የሚከለክልህ ጥቂት ስለሆነ ትጥቅህን እንደታጠቅህ ትገባለህ፤ በዚያ የሚያገኝህን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ትሰብራለህ።

ወልድያ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ትክክል በአናቷ ላይ ትቆማለች፤ አንድ ጊዜ በሚያዝያ አጋማሽ፣ ሁለተኛ በነሐሴ አጋማሽ፣ ፍልሰታ በሚፈታበት፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል የሚጫወቱ ልጃገረዶች አደባባይ በሚወጡበት ሰሞን። ያን ጊዜ የክረምቱ ደመና ጉባላፍቶን ሸፍኖ፣ ጉሙ ዳገቱን ተንተርሶ፣ ሰው ጋቢውን ደርቦ «ዛሬስ ፀሐይ ጠፋች» ይላል። አልጠፋችም። ከደመናው ጫፍ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ሆነህ ቀኑን ሙሉ ክንድህን ታነሣለህ፤ ክረምት የለብህ፣ በዓል የለብህ፣ ዕረፍትህ ሌሊት ብቻ ነው።

ሰላም ለክንድህ! የውዳሴያችን እምብርት ይህ ነውና ሦስት ጊዜ ሰላም ለክንድህ! ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጽኑ ነው። ካርቦኑ መካከል፣ ሁለቱ ኦክስጅኖች ግራና ቀኝ ሆነው በአንድ ቀጥታ መስመር ተቆላልፈው ይቆማሉ። ነፋስ ቢያንገላታው አይላቀቅም፤ የሀብሩ ቆላ ሐሩር ቢያግለው አይፈታም። አንዱን ኦክስጅን ከካርቦኑ ለመለየት 5.45 ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያስፈልጋል። ሐምራዊው ወንድምህ፣ ለዓይን ከሚታዩት ሁሉ ብርቱው፣ በእጁ ያለው 3.1 ብቻ ነው። የቀትር ብርሃን ሁሉ ተሰልፎ ቢያልፍበት ሞለኪውሉ ከቁብ አይቆጥረውም፤ በዚህ ግጥሚያ አንዲት የብርሃን ቅንጣት አንድን ሞለኪውል ብቻዋን ትገጥማለችና፣ የሚለካው የአንዷ ጉልበት እንጂ የሠልፉ ርዝመት አይደለም።

አንተ ግን የሞገድህ ርዝመት 227 ናኖሜትር ሲደርስ ሚዛኑ ይሞላልሃል፤ ከ200 በታች ስትወርድ ሞለኪውሉ አጥብቆ ይውጥሃል። በዋጠህም ጊዜ ኤሌክትሮኖቹ ከመቀመጫቸው ይነሣሉ፤ ቀጥ ብሎ የኖረው ይጎብጣል፤ ማሰሪያው ይላላል፤ አንዱ ኦክስጅን ተለይቶ ይወጣል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይቀራል። ከ167 ናኖሜትር በታች ስትሆን ደግሞ የሚወጣው ኦክስጅን ከአንተ የተረፈውን ጉልበት ተሸክሞ፣ ያገኘውን ሁሉ ለመያዝ እየተጣደፈ ይሄዳል። ከመንካት እስከ መለየት ያለውን ጊዜ የዓይን ጥቅሻ እንኳ አይወክለውም።

ሌላም የተሸሸገ ስልት አለህ። እ.ኤ.አ. በ2014 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በሌዘር ያዘጋጁትን እጅግ አጭር ሞገድ በዚህ ሞለኪውል ላይ ልከው ያዩትን በሳይንስ መጽሔት አወጡ። ከ100 ስብራት 5 ያህሉ የተለመደውን መንገድ አልተከተሉም፤ ሁለቱ ኦክስጅኖች ካርቦኑን ብቻውን ጥለው እርስ በርስ ተያያዙ፤ የምንተነፍሰው ዓይነት ኦክስጅን ሆኑ። የሕይወት እስትንፋስ የምንለው ጋዝ አንዲት ቅጠል ባልበቀለችበት ዓለም እንኳ ጥቂት በጥቂት ከአንተ ክንድ ሊወለድ ይችላል ማለት ነው። እንግዲህ በሩቅ ፕላኔት ኦክስጅን ያየ ሊቅ «ሕይወት አገኘሁ» ብሎ ከመማሉ አስቀድሞ ደጅህን ይጥና፤ አንተን ሳይጠይቅ አይፍረድ።

ሰላም ለምርኮኞችህ። የለየኸው ኦክስጅን በዚያ ከፍታ ብቻውን ይንከራተታል፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ግን ከአየሩ ጋር ቀስ በቀስ ወደ ታች ይወርዳል። በታችኛው ሰማይ አንድ ኦክስጅንና አንድ ሃይድሮጅን የያዘው፣ ሃይድሮክሲል የተባለው ጠጋኝ ያገኘዋል፤ የጎደለውን መልሶለት እንደገና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያደርገዋል። ማርከህ አታስቀርም፤ ሰብረህ ለጠጋኝ ታስረክባለህ።

ውሸት የተቀላቀለበት ውዳሴ ስድብ ነውና አንድ እውነት ሳይሸፈን ይነገር። ጭሳችንን አንተ አታነጻልንም። ከፋብሪካ ዘመን በፊት ከ1 ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች 280 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበሩ፤ ዛሬ ከ420 አልፈዋል። ክንድህ የሚሠራው በስሱ ዳርቻ ላይ ነው፤ ታች የተከማቸው አይደርስህም፤ ላይ የሰበርከውም ተመልሶ ይጠገናል። ያቃጠለው ሰው ነው፤ የሚከፍለውም ሰው ነው። የራስን ዕዳ በኃያል ትከሻ ላይ ጭኖ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ማወደስ አይባልም።

ሰላም ለሩቅ ግዛቶችህ። በእኛ ሰማይ የጠረፍ ገዥ ነህ፤ በማርስና በቬነስ ግን ባለ ሙሉ አገር ነህ። የማርስ አየር 95 በመቶው፣ የቬነስ 96.5 በመቶው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ማሪነር 6 እና ማሪነር 7 የተባሉት መንኮራኩሮች በማርስ አጠገብ ሲያልፉ ከስብራትህ የወጣ ብርሃን አዩ፤ በአንተ ክንድ የተለየው ካርቦን ሞኖክሳይድ ትኩስ ሆኖ ይወለድና ትኩሳቱን በማይታይ ብርሃን ይለቅቅ ነበር። ሲሰብር እንኳ የሚያበራ ጀግና እንዲህ ነው!

ሊቃውንቱን ግን አንድ ነገር ግራ አጋባቸው። አንተ ሳታቋርጥ የምትሰብር ከሆነ፣ የተለያዩትም ብቻቸውን መልሰው ለመጋጠም እጅግ ቀርፋፋ ከሆኑ፣ የማርስ አየር እስከ ዛሬ እንዴት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ጸና? እ.ኤ.አ. በ1972 ማክኤልሮይና ዶናሁ በአንድ ወገን፣ ፓርኪንሰንና ኸንተን በሌላ ወገን መልሱን አገኙ። ጠጋኙ ውሃ ነው። በዚያ ደረቅ ዓለም ያለችው እፍኝ የማትሞላ የውሃ ተን በአንተው ጨረር ትሰበራለች፤ ከስብራቷ እነዚያ ጠጋኞች ይወለዳሉ፤ የተለያዩትን መልሰው ያገናኛሉ። አፍራሹም አንተ፣ የጠጋኙም አባት አንተ!

ማልደው ለሚነሡ የወልድያ ሰዎች የንጋት ኮከብ ሆና በምትታየው በቬነስም እንዲሁ ነው፤ በዚያ የጠጋኝነቱን ሥራ ክሎሪን እንደሚመራው ሊቃውንት ያስረዳሉ። በቀኑ ገጽታዋ የለየኻቸው የኦክስጅን አቶሞች በከፍተኛ ነፋስ ተጭነው ወደ ሌሊቱ ገጽታዋ ይሻገራሉ፤ በጨለማው ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው ሲገናኙ ዓይናችን በማያየው ታሕተ ቀይ ብርሃን ያንጸባርቃሉ። ቀን ያለያየኸው ሌሊት ተጋብቶ ያበራል።

የሰው ልጅም ሥራህን ሊከተል ሞክሯል። ፐርሲቪራንስ በተባለችው የማርስ ተሽከርካሪ ላይ የተጫነው ሞክሲ የተባለ መሣሪያ የማርስን አየር እስከ 800 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ አግሎ በኤሌክትሪክ ጉልበት ኦክስጅን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ለየ። እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2023 ድረስ 16 ጊዜ ሠርቶ በድምሩ ያገኘው 122 ግራም ነው። ብልሃቱ ያኮራል፤ ይሁን እንጂ ያ ሁሉ እሳትና ሽቦ የተደከመበትን ሥራ አንተ ያለ ምድጃ፣ ያለ ድምፅ፣ ያለ ደመወዝ ስትሠራው መኖርህን ባየን ጊዜ ባርኔጣችንን እናወልቃለን።

ሰላም ለልጓምህ። እስካሁን ያወደስነው ጉልበትህን ነው፤ ከጉልበትህ የሚበልጠውን አሁን እንናገር። ከዙፋንህ ወደ ታች ስትወርድ ኦክስጅን ይገጥምሃል። ከ242 ናኖሜትር በታች ያለው ክንድህ እርሱንም ይሰብራል፤ የተለየው አቶም ካልተሰበረ ኦክስጅን ጋር ተያይዞ ባለ ሦስት አቶሙን ኦዞን ይሠራል፤ ኦዞኑም ዞሮ አንተን ይውጣል። ይህን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1930 ሲድኒ ቻፕማን የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በቀመር አስቀመጠው። ጃንሆይ ሆኖ በራሱ ላይ ዳኛ የሚሾም፣ ሰይፉን መዝዞ በዚያው ሰይፍ ሰገባውን የሚቀርጽ፣ ከአንተ በቀር ማን አለ?

ያ ኦዞን ሁሉ ተሰብስቦ በባሕር ጠለል ግፊት ቢነጠፍ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በእኛ በምድር ወገብ አቅራቢያ ከዚያም ይሳሳል። በዚህ ስስ መጋረጃ ከ280 ናኖሜትር በታች ያለው ብርቱ ወገንህ ሙሉ በሙሉ ይቀራል፤ ከዚያ እስከ 315 ያለውም አብዛኛው ይታገዳል። ከ2.4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጥቃቅን ፍጥረታት በባሕር ውስጥ ሆነው የተነፈሱት ኦክስጅን በሰማይ መከማቸት ጀመረ፤ ከእርሱም አንተ መጋረጃውን ሠራህ፤ ከብዙ ዘመንም በኋላ ዕፀዋት ከውሃ ወጥተው የብስን አለበሱ። የወልድያ ወይራ፣ የመርሳ ማንጎ፣ በሀብሩ ቆላ የሚቦርቀው የፍየል ግልገል ሁሉ የዚያ መጋረጃ ልጆች ናቸው።

ይህን መጋረጃ ሊቀድደው የተነሣውም ሰው እንጂ አንተ አልነበርክም። እ.ኤ.አ. በ1974 ማሪዮ ሞሊናና ሼርውድ ሮውላንድ አስጠነቀቁ፤ ከማቀዝቀዣና ከመርጫ ቆርቆሮ የሚወጣው ሲኤፍሲ የተባለ ጋዝ ወደ ላይ ወጥቶ በጨረርህ ሲሰበር ክሎሪን ይለቅቃል፤ ክሎሪኑም ኦዞኑን ይበላዋል አሉ። ዓለም ሰማ። እ.ኤ.አ. በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፤ ኢትዮጵያም በ1994 እ.ኤ.አ. ገባችበት። ስምምነቱ የተፈረመበት ቀን ሴፕቴምበር 16 በእኛ መስከረም 6 ይውላል፤ አደይ አበባ ዳገቱን ቢጫ በሚያለብስበት፣ ሰማዩ ታጥቦ በሚጠራበት ሰሞን። ልጓምህን የምናስብበት ከዚህ የተሻለ ወር ከየት ይመጣል?

ሰላም ለተረፈው ጣትህ። ከመጋረጃው ሾልኮ የሚደርሰን ጥቂቱ ጨረር መድኃኒት ነው። ቆዳን ዳስሶ ቫይታሚን ዲ ያሠራል፤ ቫይታሚኑም የሕፃን አጥንት ያጠነክራል። በአዲስ አበባ በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ሉልሰገድ ሙሄና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ አጥንትን የሚያለሰልሰው ሪኬትስ ያለባቸው ሕፃናት በሳንባ ምች የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ 13 እጥፍ ገደማ እንደሆነ አሳይተዋል። እናት ልጇን ከደጅ አውጥታ የጠዋት ፀሐይ ስታሞቅ አጥንት እየገነባች፣ ሳንባም እየጠበቀች ነው። ጥራቱ በሚታይ ውሃ የተሞላ ንጹሕ የሃይላንድ ጠርሙስም ለ6 ሰዓት በጠራራ ፀሐይ ቢጋደም፣ ከሙቀቱ ጋር ተባብረህ በውስጡ ያሉትን አብዛኞቹን ተቅማጥ አምጪ ተዋሲያን ትፈጃለህ።

ሆኖም ያለ ፍርሃት የሚቀርብ ውዳሴ ቧልት ነው። በየ1,000 ሜትር ከፍታው ጉልበትህ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ወልድያም 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በኢትዮጵያ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ100 ሰው 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር ሲሆን፣ ከዚህም ግማሹ ያህል የታወረው በዓይን ሞራ ግርዶሽ ነበር። ግርዶሹ ብዙ ምክንያት አለው፤ ዕድሜ ይመራዋል፤ ለዘመናት ያለ ጥላ የተቀበልነው ጨረርህም ከአጋፋሪዎቹ አንዱ ነው። ቆዳቸው ማቅለሚያውን ያጣባቸው የአልቢኒዝም ተጠቂ ወገኖቻችን ደግሞ ከሁሉ በፊት ከአንተ መከለል ይገባቸዋል። ንጉሥ ይወደሳል፤ ሰይፉ ግን በባዶ እጅ አይያዝም።

ሰላም ለታናናሽ ወንድሞችህ፣ ለቀዩና ለሰማያዊው ብርሃን። አንተ በላይ የምትለያየውን እነርሱ በታች ያዛምዱታል። ከሚሌ ወንዝ ጀምሮ ወደ ሰሜን በተዘረጋው የሀብሩ ማሳ፣ በጊራና ሸለቆ፣ በሲሪንቃ ሜዳ፣ ቅጠል ሁሉ እጁን ዘርግቶ ያንኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀበላል። ቅጠል እንዳንተ አይሰብረውም፤ የሚሰብረው ውሃን ነው። ከዕፀዋት የሚወጣው ኦክስጅን ከውሃ እንደሚመጣ እ.ኤ.አ. በ1941 ሳሙኤል ሩበንና ማርቲን ካመን ከባልደረቦቻቸው ጋር ከባድ የኦክስጅን አይሶቶፕን ምልክት አድርገው አሳይተዋል። ካርቦኑ ግን ሳይባክን ስኳር ይሆናል፤ ስኳሩም እህል፣ እህሉም እንጀራ።

በዚህ ጥበብ ደግሞ የእኛ ማሽላና ጤፍ ከብዙ ዕፀዋት ይበልጣሉ። ብርቱካንና ማንጎ ካርቦኑን መጀመሪያ ባለ ሦስት ካርቦን ውህድ አድርገው ሲይዙት፣ ማሽላና ጤፍ ባለ አራት ካርቦን አድርገው ይይዙትና ወደ ውስጠኛው የቅጠል ሕዋስ አጭቀው ያስገቡታል፤ ስለዚህ ጠራራ ፀሐይና ቆላማ ሙቀት በበረታበት ጊዜ እንኳ ሥራቸው አይሰናከልም። በሀብሩ የሚገኘው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ለዚህ ምሥራቃዊ የአማራ ቆላና ወይና ደጋ የሚስማማ ዝርያ ሲመርጥ፣ ገበሬውም ከየዘመኑ የወረሰውን ዘንጋዳ ዘር በጎተራው ሲጠብቅ፣ ሁለቱም የሚያገለግሉት አንተ አጣርተህ የላክኸውን ብርሃን ነው። ልጓምህ ባይኖር ኖሮ ቅጠሉ በተቃጠለ፣ ጎተራውም ባዶ በሆነ ነበር።

እንግዲህ የወልድያ፣ የመርሳ፣ የሀብሩ ሰዎች ሆይ! ይህን ጨረር ያወደስነው ስለሚሰብር አይደለም። የሚሰብር ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ጦርነት በወልድያና በመርሳ አልፏል፤ ልጓም የሌለው ኃይል ምን እንደሚያደርግ ይህ ሕዝብ ከማንም አይማርም። ያወደስነው በሚሰብርበት ስፍራ ሁሉ ጠጋኝ ስለሚያስነሣ፣ በሚወርድበት መንገድ ላይ ራሱን የሚገታበትን መጋረጃ በገዛ ክንዱ ስለሚሠራ ነው። ጉልበትን ከወሰኑ ጋር አንድ አድርጎ የያዘ ይወደሳል፤ ወሰን የሌለው ይፈራል እንጂ አይወደስም። የውዳሴያችን ፍርድ ይህ ነው።

ከፍርዱ ጋር አደራ አለ። በወልድያ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በመርሳ ትምህርት ቤቶች የምታስተምሩ ሁሉ፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድን ስብራት በሰሌዳ ላይ ስትጽፉ ተማሪው ቀና ብሎ የራሱን ሰማይ እንዲያይ አድርጉ፤ ሥራው ሌላ አገር አይደለም፣ ከግቢው በላይ ነው። ማቀዝቀዣ የምትጠግኑ ባለሙያዎች፣ አሮጌውን ጋዝ ወደ አየር አትልቀቁት። ገበሬዎች፣ ቀትር ላይ ባርኔጣችሁን፣ ጥላችሁን አትርሱ። እናቶች፣ ለሕፃናቱ የጠዋቷን ፀሐይ አትንፈጓቸው። በተራቆተው ዳገት ላይ ችግኝ የምትተክሉ ወጣቶች፣ እስኪጸድቅ ተንከባከቡት፤ የሰው ልጅ ወደ ሰማይ የላከውን ካርቦን መልሶ የሚያስረው ቅጠል ነውና። ጨረሩ የራሱን ሥራ ሠርቷል፤ የቀረው የእኛ ነው።